መልስ፦ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥን ለጽዳት ስለ መፍታት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከአባትዎ የወረሱትን፣ ፈቃድ ያለውንና መዶሻው ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የሚሳበውን የኮልት ስሪት ሽጉጥ የጎንደር ክረምት እንዳያዝገው እንዴት ፈትተው እንደሚያጸዱት ጠይቀዋል።

ከሁሉ በፊት ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፣ አፈሙዙንም ሰው ወደሌለበት ያዙሩ። በ1873 የወጣው የኮልት ዓይነት ከሆነ መዶሻውን እስከ ሁለተኛው ቀጭታ ድረስ ብቻ ይሳቡ፤ በቀኝ በኩል ያለውን የማጉረሻ በር ከፍተው ተሽከርካሪውን (ጥይቶቹን የሚይዘውን ክብ ክፍል) እያዞሩ ስድስቱንም ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ባዶ ያድርጉ። ከዚያ እንደገና አዙረው በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ ይህ ድግግሞሽ ፈጽሞ የሚታለፍ አይደለም። ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ከበርሜሉ ሥር ያለችውን የመያዣ ቁልፍ ተጭነው (በጥንቶቹ ላይ ብሎን ናት) ተሽከርካሪው የሚዞርበትን የመሐል ዘንግ ወደ ፊት ይሳቡ፤ ተሽከርካሪው በሩ እንደተከፈተ በቀኝ በኩል ይወጣል። ዘንጉ እምቢ ካለ በመዶሻ ከመምታት ይልቅ ዘይት ጠብ አድርገው ይጠብቁት። በርሜሉንና ቀዳዳዎቹን በነሐስ ቡሩሽ ፈትገው በጨርቅ ያድርቁ፣ ዘይቱንም በስሱ ይቀቡ፤ የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

ለተለመደ ጽዳት ከዚህ በላይ መፍታት አያስፈልግም። የውስጡ ቅጠል ሞላዎች በቀላሉ ይሰበራሉ፣ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴም የብሎኑን ራስ ይበላል፤ ስለዚህ የውስጡን ክፍል ለባለሙያ ይተዉት። ሲያስቀምጡትም በቆዳ አፎቱ ውስጥ አይተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።