ከጣና ዓሣ ጋር የትኛው ወይን ይቅደም?

ጥያቄ፦ በመጪው እሑድ ጓደኞቼን ምሳ ጋብዤ ጉደርን፣ አክሱሚትንና ከዝዋይ የሚመጣውን ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ እያነጻጸርን ልንቀምስ አስበናል። የምናቀርበው የቆረሶ ዓሣ ጥብስና ዶሮ ወጥ ነው። የትኛውን እናስቀድም?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ነጩንና ደረቁን፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነውን፣ ሻርዶኔ ያስቀድሙ፤ ቀዩን ጉደር ያስከትሉ። ጣፋጩን አክሱሚት ግን እንግዶችዎ ምንም ያህል ቢወዱት መጨረሻ ላይ ያቅርቡት፤ ምክንያቱም ከጣፋጭ ቀጥሎ የሚቀመስ ደረቅ ወይን ከተፈጥሮው በላይ ኮምጣጣ መስሎ ስለሚሰማ ፍርዱን ያዛባዋል።

አጥብቄ የማሳስብዎ ስለ ሙቀቱ ነው። ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይጠጣል የሚለው ምክር ከቀዝቃዛዎቹ የአውሮፓ ቤቶች የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው። የባሕር ዳር ቀትር ግን ብዙ ጊዜ ከ25 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ሳይቀዘቅዝ የተቀዳ ጉደር የአልኮሉ ሽታ የፍሬውን መዓዛ ይሸፍንበታል፤ ስለዚህ ከማቅረብዎ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። ነጩ 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

ቆረሶውን ከሻርዶኔው ጋር ያቅርቡ፤ ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር ሲገናኝ አንዳንድ ጊዜ የብረት ጣዕም ይተዋል። ጉደርን በዳቦ ብቻ ቅመሱት። በርበሬ የአልኮሉን ማቃጠልና የቀዩን ወይን ምላስ ማድረቅ ስለሚያጎላ፣ ዶሮ ወጡ ንጽጽሩ ካለቀ በኋላ ይምጣ፤ ያን ጊዜ የአክሱሚት ጣፋጭነት ቃጠሎውን ያለዝበዋል።