የሲጋቶካ ቲማቲም ሱቫ ሳይደርስ ለምን ይበላሻል?

ወንድሜ፣ የፊጂ ገበሬዎች ፍሪጅ ከሌላቸው ቲማቲማቸው ከሲጋቶካ ሸለቆ ዋና ከተማዋ ሱቫ ገበያ ሳይደርስ መበላሸቱ አይቀርም ወይ ብለሃል። የለም፣ ብዙውን ጉዳት ያለ ፍሪጅም መቀነስ ይቻላል። ያን ያህል ላብ የፈሰሰበት ምርት በአያያዝ ጉድለት ሲጣል በጣም ያንገበግባል።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአትክልቱ ትንፋሽ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይፈጥናል፤ ትንፋሹ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ይለቀም፣ ወዲያው ጥላ ውስጥ ይግባ።

ዕቃውም ወሳኝ ነው። ጥልቅ ሳጥን እስከ አፉ ሲጠቀጠቅ የታችኛው ይጨፈለቃል። ሻካራ ጣውላም ቆዳውን ይፍቃል፣ በዚያች ጭረት ሻጋታ ይገባል። ጎኑ ለስላሳ፣ አየር የሚያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ይሻላል። ገና መቅላት ሲጀምር የተለቀመም መንገዱን ይችላል።

ፍሪጅ ቢገኝ እንኳ ያልበሰለውን ከ10 ዲግሪ በታች አያቆዩት። በኋላ በወጉ አይቀላም፣ ጣዕሙም ይሄዳል።