መልስ፦ ብየዳ ሲሠራ እሳት የሚጠብቀው ሰው ምን ያድርግ?

ጎንደር ፒያሳ ያለው ሕንፃ ላይ ብየዳ ሲሠራ እሳት ለመጠበቅ ዘበኛው ይበቃል ወይ ላልከው፣ በር እየጠበቀ ከሆነ አይበቃም ወንድሜ። እሳት ጠባቂ ሌላ ሥራ አይያዝም።

እስከ 11 ሜትር ዙሪያ ያለ ካርቶን፣ ቀለምና ቲነር ይነሣ፤ የማይነሣው በማይነድ ሸራ ይሸፈን። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሥር ነው፦ ፍንጣሪው በወለሉ ስንጥቅ ይወርድና እንጨት ውስጥ ሲጨስ ቆይቶ፣ በያጁ ከሄደ በኋላ ይነድዳል። የጣውላ ወለል ያለው አሮጌ ቤት ከሆነማ ታችኛው ፎቅ ላይም ሰው መድብ። ሥራው ካለቀ በኋላ እሳት ጠባቂዎቹ 60 ደቂቃ ይቆዩ፤ 30 ይበቃል የሚሉህ የድሮውን ይዘው ነው፣ የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ለብየዳና መሰል ሥራ ያወጣው 51ቢ የተባለው ደንብ በ2019 እ.ኤ.አ. እትሙ አሳድጎታል።

የእሳት ማጥፊያው ጌጅ (ግፊት መለኪያ) መርፌ አረንጓዴው ላይ ይሁን። ያየኸው ኤፍ-60 የተባለው የእሳት ጠባቂ ሰርተፊኬት የኒውዮርክ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ነው፤ ጎንደር ላይ አያስፈልግህም።