ዳግም የተወለዱበትን ቀን ለማያስታውሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ከአምልኮ በኋላ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል። «እማዬ፣ ዛሬም ወጣሁ» አለችኝ። ሰባኪው «ጌታን መቀበል የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑ» ብሎ ጥሪ ባደረገ ቁጥር ትወጣለች። በካምፕም በኮንፈረንስም በወጣቶች ፕሮግራምም። ቆጥራዋለች፤ ጌታን 11 ጊዜ ተቀብላለች። ያንኑ ጸሎት ትደግማለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለት ሳምንት ደህና ትሰነብታለች። ከዚያ አንድ ሌሊት ትነቃና «ያኔ ከልቤ ባልሆንስ?» ብላ እስኪነጋ ትገላበጣለች።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። እሷን ለምትመስሉም ሁሉ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። 34 ዓመት በማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። ስለዚህ ስለ ዳግም መወለድ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሐሳቤ ወደዚያ ክፍል ይሄዳል።

ሕፃን እንደወጣ አዋላጇ ሰዓት ታያለች። በ1ኛው ደቂቃ፣ ከዚያም በ5ኛው ደቂቃ አምስት ነገር ትመለከታለች። የልብ ምቱን፣ አተነፋፈሱን፣ እጅና እግሩን ማንቀሳቀሱን፣ ሲነኩት ፊቱን ማኮሳተሩን፣ የቆዳውን ቀለም። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ትሰጣለች፤ ድምሩ ከ10 ይያዛል። አፕጋር እንለዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣችው አሜሪካዊት ሐኪም በቨርጂኒያ አፕጋር ስም የተጠራ ነው።

በ1ኛው ደቂቃ 4 ያገኘ ልጅ በ5ኛው 8 ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጠቁሮ፣ ዝልፍልፍ ብሎ ይወጣል። ጀርባውን በፎጣ አሸት አሸት ታደርጊዋለሽ። አፉን ትጠርጊለታለሽ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ድንገት ያለቅሳል፤ እናቱም እኛም አብረን እንተነፍሳለን። አንዳንዴ ደግሞ፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ዘጠኝ ወር የሞላው፣ መልኩ የሚያምር፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ግን የማይተነፍስ ልጅ ታቅፌያለሁ። ደካማ ልጅና በድን ልጅ እንደሚለያዩ እጄ ያውቃል።

ደካማ እምነትም እምነት ነው። በማርቆስ 9 ላይ ያ የታመመ ልጅ ያለው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ኢየሱስ «ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና» ብሎ አልመለሰውም። ልጁን ፈወሰለት። ማቴዎስ 7 ላይ ደግሞ በስምህ ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንትም አውጥተናል የሚሉ ሰዎች አሉ። «ከቶ አላወቅኋችሁም» የተባሉት እነሱ ናቸው። አስተውሉ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበራቸውም። የያዙት ዝርዝር በሙሉ የራሳቸው ሥራ ነበር።

ስለ ቀን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ አገልጋይ «ዳግም የተወለድህበትን ቀን ካላወቅህ አልተወለድህም» ብሎ አስተማረን። እኔ ደግሞ ቀን የለኝም። ጌታን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ፣ መሪዎቿ ታስረው ነበር። እኛ አምስት ስድስት እየሆንን በየቤቱ እንሰበሰባለን። መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምራለን። መድረክ የለ፣ ጥሪ የለ፤ የሚወጣበት ፊትም አልነበረም። ጓደኛዬን አጅቤ ነው የሄድኩት። ደጋግሜ ሄድኩ። አንድ ሳምንት ላይ ለማውቀው ጌታ እየጸለይኩ እንደሆነ ተሰማኝ። የትኛው ሳምንት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚያ ሰው ትምህርት ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ያወጣችኝ እናቴ ናት። እሷም የልደት ቀኗን አታውቅም ነበር። ስትጠየቅ «ጣልያን በገባ በዓመቱ» ነው መልሷ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ስትቆላ ቁጭ ብዬ አየኋት። ምጣዱን ታንቀጫቅጫለች፣ ጭሱን ወደ እኛ ታመጣለች፣ በአጥር ላይ ጎረቤት ትጣራለች፣ እኔን «ምን ያፈዝሻል?» ብላ ትቆጣለች። መወለዷን ለማመን ማንም ወረቀት አልጠየቃትም። በዚያች ጠዋት የሆነ ነገር ከትከሻዬ ወረደ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት የነበሯት መሠረተ ክርስቶስ በ1983 ዓ.ም. ስትከፈት ከ30,000 በላይ ሆና ነው የወጣችው። በየጓዳው ከተወለዱት ከእነዚያ ስንቱ ቀኑን ያውቀዋል?

ሐዋርያው ዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክቱን የጻፈው የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ «ታውቁ ዘንድ» ነው። ምልክት ብሎ የቆጠረውን አንብቡ። ኢየሱስን የእግዚአብሔር ልጅ ብሎ ማመን፣ ወንድምን መውደድ፣ ትእዛዙን መጠበቅ፣ ኃጢአት የለብኝም አለማለት። ስንት ጊዜ አለቀስሽ አይልም። ስለዚህ ልጄ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የጸለይሽው ከልብ ነበር ወይ እያልሽ አትቆፍሪ። ዛሬ ጠዋት ማንን ታምኚያለሽ? ስትበድዪ ያምሻል? ሕፃኑን ስንነካው ፊቱን ካኮሳተረ ደስ የሚለን በሕይወት ስላለ ነው። ሌሊት የሚያስለቅስሽ ያ ሕመም አንቺን ያስፈራሻል፤ እኔን ግን ያጽናናኛል።

ምንም የማያመው ልጅ ነው የሚያስጨንቀኝ። በ14 ዓመቱ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ተጠምቋል፣ መዘምራን ውስጥ አለ። የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ሦስት ወር ይዞባታል። ሲነግሩት «እኔ ድኛለሁ፣ አትፍረዱብኝ» ይላል። ለእሱ የምሰጠው ማጽናኛ የለኝም። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ራሳችሁን መርምሩ ያላቸውን እንዲያነብ፣ ከዚያም ተነሥቶ የልጅቷን ገንዘብ እንዲከፍል ነው የምለምነው።

ስሜትን በተመለከተ አንድ ሰው ላንሳላችሁ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ ቄስ ሆኖ፣ ወንጌል ሊሰብክ አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነበር፤ ስለ መዳኑ ግን እርግጠኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1738 ማታ ለንደን ውስጥ በአልደርስጌት መንገድ በነበረ ስብሰባ የተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መግቢያ ሲነበብ ልቡ ሞቅ አለው። በክርስቶስ ብቻ እንደታመነ አወቀ። ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እዚያው ማስታወሻው ላይ ወረድ ብሎ ያለውን ግን ማንም አይሰብከውም። ብዙም ሳይቆይ «ይህ እምነት ሊሆን አይችልም፤ ደስታህ የታለ?» የሚል ሐሳብ መጣበት። በዚያችው ማታ! ሁለት ሳምንት አልጠበቀም።

ኦርቶዶክስ ጎረቤቴ «ድኛለሁ» ስል ትደነግጣለች። ድፍረት ይመስላታል። የምናገረው ስለ ራሴ ጽድቅ ቢሆን እውነቷን ነበር። እኔ ግን ስለያዘኝ እጅ ነው የምናገረው።

አዲስ የተወለደ ልጅ መዳፍ ላይ ጣታችሁን አድርጉ። ጥብቅ አድርጎ ይይዛችኋል። ኃይሉ ይገርማል። እናቶች «አየሽ፣ ያዘኝ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ትንሽ ቆይቶ እንቅልፍ ይወስደውና ጣቶቹ ይላላሉ። ያኔ ወድቆ አያውቅም። ሌላው እጄ ሁልጊዜ ከአንገቱ ሥር ነበር። ኢየሱስ «ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም» ሲል የማስበው ያንን ነው።

እሑድ ጥሪ ሲደረግ ነይና አጠገቤ ተቀመጪ። እግርሽ ልነሣ ቢል እጅሽን እይዝሻለሁ። እዚያው ወንበራችን ላይ ሆነን እናመሰግነዋለን።