አባዬ ሳይናዘዝ አረፈ፤ ቤቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አባዬ ዕድሜውን ምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ አምና አረፈ። ኑዛዜ የለም። ስናነሳበት «ልትቀብሩኝ ቸኮላችሁ?» ይል ነበር። ቤቱን ከእማዬ ጋር ከተጋቡ በኋላ ነው የሠሩት። እኛ አራት ነን። ጅቡቲ ደግሞ ከሌላ ሴት የወለደው ወንድም አለን፤ አባዬ እየላከለት፣ ክረምት ክረምት እያስመጣው ነው ያሳደገው። አሁን ታላቅ ወንድማችን ካርታውን ይዞ፣ የሁለቱን ሰርቪስ ኪራይ እየሰበሰበ፣ «አንቺ አግብተሽ ወጥተሻል፣ የጅቡቲው ዲቃላ ነው፣ ሰርቪሱንም የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል። ጎረቤት ደግሞ እናታችሁ የሚደርሳት አንድ ስምንተኛ ነው ይሉናል። እማዬ ለስኳር መግዣ እንኳ እሱን ነው የምትለምነው። ምን እናድርግ?
ስሜ ይቆየኝ

መልስ፦
እግዜር ያጽናችሁ እህቴ። ከእናትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም የስኳሩ ነገር አንጀቴን በልቶታል።

እናትሽ የማንም ጥገኛ አይደለችም። በሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ ባትሆንም፣ በትዳር ውስጥ የተፈራው ንብረት ግማሹ ድሮም የራሷ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በዚህ ግልጽ ነው። ስለዚህ ውርስ የሚባለው የአባታችሁ ግማሽ ብቻ ነው። ከኪራዩም ግማሹ የሷ ነው፤ እሷ ልትለምን ሳይሆን ልትጠየቅ ነው የሚገባት። አንድ ስምንተኛ የሚባለው በሸሪዓ ነው፤ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ደግሞ ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው።

ቀሪው ግማሽ ለአምስት ልጆች እኩል ይካፈላል። ለእያንዳንዳችሁ ከጠቅላላው ቤት ከመቶ 10 ይደርሳችኋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሴትና በወንድ፣ በጋብቻ ውስጥና ውጪ በተወለደ መካከል ልዩነት የለም ይላል። አግብተሽ መውጣትሽ ከድርሻሽ አንድ ብር አይቀንስም። የጅቡቲው ወንድማችሁ የልደት ማስረጃ ባይኖረው እንኳ፣ አባታችሁ ልጄ ብሎ ሲያሳድገው ያዩ ሰዎች ሊመሰክሩለት ይችላሉ። አንቺ ራስሽ ምስክሩ ነሽ! እባክሽ ማንም ጫና ቢያደርግብሽ «አራት ብቻ ነን» ብለሽ ፍርድ ቤት እንዳትቀርቢ። ያንን ልጅ ክረምት ክረምት አብራችሁት በልታችኋል።

ሰርቪሱን በተመለከተ ወንድምሽ ገንዘብ አውጥቶ ከሆነ ደረሰኝና ምስክር ያቅርብና በክፍፍሉ ይታሰብለት፣ ያ ፍትሕ ነው። ቤቱን ግን የሱ አያደርገውም። ካርታውን በኪሱ መያዙም እንደዚያው። እናትሽ ከአባታችሁ ሥራ የሚደርሳት የጡረታ አበል ደግሞ ውርስ አይደለም፣ ማንም እንዳይነካው።

እኛ ቤት አያቴ ሲያርፉ ካርታውን የያዘው አጎቴ ነበር። ሁሉም «ይሁን፣ ታላቅ ነው» ብለው ዝም አሉ። ዝምታው ዓመታት ፈጀና ለተዝካሩ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ድንኳን ተተከለ። ሴት አያቴ መሐል በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ወደየትኛው እንደምትገባ ጠፍቷት ስታይ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። ስለዚህ አትዘግዪ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ያለው የሦስት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ በወራሾች መካከል ይሠራል አይሠራም የሚለው ራሱ ስንቱን ፍርድ ቤት አመላልሷል፣ እናንተ እዚያ ክርክር ውስጥ ምን አስገባችሁ?

መጀመሪያ ወንድምሽን የሚሰማቸው ሽማግሌ ፈልጊ። የአባትሽ የሥራ ባልደረቦች ካሉ እነሱ ይሻላሉ። ጎን ለጎን የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የልደት ማስረጃችሁንና ምስክሮችን ይዛችሁ አምስታችሁም ስማችሁ ያለበት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። እንቢ ካለ ሌሎቻችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ የሱን ፈቃድ አትጠብቁ፤ ፍርድ ቤቱ የውርስ አጣሪ እንዲሾምም መጠየቅ ይቻላል። ወራሽ ሁሉ ክፍፍል የመጠየቅ መብት አለው፣ ግን ቤቱ ካልተሸጠ ብላችሁ እናታችሁን ከጓዳዋ አታውጧት። ድርሻችሁን በጽሑፍ ለዩ፣ እሷ በሕይወት እስካለች እንደማይሸጥ ተስማሙና ኪራዩን ለሷ ተዉላት።

ጅቡቲም ዛሬውኑ ደውዪ። ከሰው አፍ ከሚሰማ ካንቺ ይስማው።