ሞተሬ ከታች ዘይት ያንጠባጥባል፣ ካምቢዮ ይውረድ ወይ?

ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይሄ ነው። መኪናዋ 20 ዓመት አልፏታል፣ ማንዋል ናት፣ ቆማ ስታድር ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በሚገጥሙበት በኩል መሬት ላይ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ነድቶ ሲያቆማት ደሞ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ጋራዥ ከታች አይተው የኋላ ፓራኦሊዮ (የሞተሩ ዘንግ ኋላ ጫፍ ላይ ያለው ዘይት ያዥ ጎማ) ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት አሉት። እሱ ደሞ ከዛ በፊት ዘይት ማፍሰስ ያቆማል የሚባለውን ፈሳሽ ልጨምርበት ወይስ ወፍራም ዘይት ላርግበት ነው የሚለው።

ወንድሜ ካምቢዮውን አሁን አታስወርድ፣ ገና ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ ዘይትም ከላይ ይወጣና የሞተሩን ግድግዳ ይዞ ይወርዳል፣ ስትነዳ ደሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ መጨረሻ ላይ ተሰብስቦ የሚንጠባጠበው ዝቅ ያለው ቦታ ጋ ነው፣ ያ ደሞ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው መጋጠሚያ ጋ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከታች ብቻ አይቶ ፓራኦሊዮ ነው ማለት ይከብዳል። እኔን ያስጠረጠረኝ ሽታው ነው። የኋላ ፓራኦሊዮ የሚያፈሰው ባብዛኛው ቀጥታ መሬት ነው የሚወርደው፣ የተቃጠለ የሚሸተው ግን ዘይቱ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ ነው፣ እሱን ደሞ በጣም የሚያዘወትረው የቴስታታ (የሞተሩ ላይኛው ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ነው፣ ከላይ ያለው፣ በተለይ ዓይን የማይደርስበት የኋላ ጠርዙ።

መጀመሪያ ግን የሚንጠባጠበው የምን ዘይት እንደሆነ እርግጠኛ ሁን፣ ማታ ካርቶን ከስር አንጥፍ። ቡኒ ወይ ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሞተር ነው፣ ወፈር ብሎ አፍንጫ የሚወጋ የሰልፈር ዓይነት ሽታ ካለው የካምቢዮ ዘይት ነው፣ እንደዛ ከሆነ የሞተር ፓራኦሊዮ ብትቀይር ምንም አትጠቀምም። ቀይ ከሆነ የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ከዛ እጠበው። ሳይታጠብ የሚፈለግ ነገር የለም፣ የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት ምኑን ከምን ትለየዋለህ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ አልተርኔተሩን፣ ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት አከፋፋዩን)፣ የአየር መግቢያውን በላስቲክ ሸፍን፣ የቅባት ማጠቢያ ቀብተህ በብሩሽ ፈትግ፣ ውሃውን በዝግታ እንጂ በከፍተኛ ግፊት አትልቀቅበት። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር በጠረጠርከው ቦታ ላይ ነስነስ አርግና 15 ወይ 20 ደቂቃ ነድተህ ተመለስ፣ ዘይቱ ነጩ ላይ መንገዱን ስሎ ያሳይሃል። ፍለጋው ሁሌ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ ነው ጥፋተኛው። መሙያ ክዳኑን፣ የቴስታታ ክዳኑን ዙሪያ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ኦሪንግ (ክብ ጎማ)፣ የዘይት ቡልቦውን (የዘይት ግፊት ጠቋሚውን፣ አንዳንዴ በፕላስቲኩ መሃል ነው የሚያልበው)፣ የዘይት ፊልትሮውን፣ ከታች ኮፓውን (የዘይት ማጠራቀሚያውን) እይ። ፊልትሮ በቅርብ ተቀይሮ ከሆነ የድሮው ጎማ ተለጥፎ ቀርቶ አዲሱ ከላዩ ገብቶ ይሆናል፣ ይሄ ያጋጥማል፣ ደሞ ባንዴ ብዙ ዘይት ይደፋል። ከፊት ፑሊው ኋላ ከረጠበና ሞተርህ የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያስኬድ ቀበቶ) ካለው አታቆየው፣ ዘይት ቺንጋውን ይበላዋል፣ እሱ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫል።

ከስር የምትገባ ከሆነ በክሪክ ብቻ ባነሳሃት መኪና ስር እንዳትገባ፣ ጠንካራ ማቆሚያ ይኑር።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው የሞተሩ መተንፈሻ ነው። የፒሲቪ ቫልቩ ወይ ቱቦው ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ሲያጣ በጓርኒሲዮንና በፓራኦሊዮ በኩል ዘይቱን ይገፋዋል፣ አዲስ ብትገጥምም ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያፈሳል። ሞተሩ እየሰራ መሙያው አፍ ላይ ስስ የላስቲክ ጓንት ወጠር አርገህ ያዝ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ከሳበው ደህና ነው፣ ከተነፋ ግፊት አለ። ቫልቩን ፈተህ ነቅነቅ አርገው፣ በብዙዎቹ የድሮ መኪናዎች ላይ ኳ ኳ ማለት አለበት። እሱን ቀይረህም ከተነፋ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቆ ይሆናል፣ ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ይለካ።

የቴስታታ ክዳኑ ሆኖ ከተገኘ እራስህ ትሰራዋለህ። የካንዴላ ገመዶቹን ቁጥር ለጥፍባቸው፣ ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል እያላላህ ፍታ፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቅ። ቴስታታው ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ ቢላ ወይ ካቻቢቴ ከነካው ይጫራል፣ በጭረቱ ደሞ ዘይት ይወጣል። ሁለቱንም ፊት በቤንዚን ሳይሆን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አድርቀህ ጥረግ። አዲሱ የጎማ ጓርኒሲዮን ደረቅ ነው የሚገባው፣ ሲሊኮን ዙሪያውን የሚለቀልቁት ነገር አይገባኝም፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ማእዘኖቹና ግማሽ ክብ የሆኑት መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ጠብታ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳትጠብቅም አታስነሳ። የካንዴላ ጉድጓዶቹን ጎማ አብረህ ቀይር። ስታጠብቅ ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ሶስት ዙር፣ እነዚህ ትናንሽ ቡሎኖች ብዙ ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ናቸው፣ የመኪናህን ማንዋል ግን እይ። ማፍሰሱ አልቆም ብሎ ጉልበት የሚጨምር ሰው ክዳኑን ነው የሚያጣምመው።

ማፍሰስ ያቆማል የተባለውን ፈሳሽ በተመለከተ፣ የደረቀ ጎማ ያብጥና ለጊዜው ይቀንሳል፣ የተቀደደውን ግን አይሰፋም፣ ከመጠን በላይ ከሆነ ጎማውን ያልመዋል። ከሱ ይልቅ ለብዙ ኪሎሜትር ለሄዱ ሞተሮች የሚሰራውን ዘይት ብታረግ ይሻልሃል። ከ5ደብሊው-30 ወፈር ወዳለው 10ደብሊው-40 መሄድም ማንዋሉ ከፈቀደ ያንጠባጠበውን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያቆመውም።

ላዩ ሁሉ ደርቆ ካምቢዮው መጋጠሚያ ስር ካለው ቀዳዳ ብቻ የሞተር ዘይት ከወጣ ያኔ ጋራዡ ልክ ነበር፣ ካምቢዮው ይውረድ፣ ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም ይታይ፣ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል። እስከዛው ግን ጠዋት ጠዋት መለኪያውን እያየህ ሙላ፣ በብዙ መኪና ላይ ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው 1 ሊትር ገደማ ነው። የዘይት መብራት እየነዳህ ከበራ እዛው አቁመህ ሞተሩን አጥፋ፣ እስከ ቤት ልድረስ አትበል።

ክዳኑን ሰርተህ ስታስነሳው ትንሽ ቢጨስ አትደንግጥ፣ ጭስ ማውጫው ላይ የቀረው ዘይት ነው የሚቃጠለው፣ ጥቂት ከነዳህ በኋላ መጥፋት አለበት፣ ካልጠፋ ፓውደሩን ይዘህ እንደገና የኋላ ጠርዙን እይ።