ጥያቄና መልስ፦ ሞዴል በእጅ፣ በፕሪንተር፣ በኤክሴል

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ሞዴል ናቸው፤ ጉዳያቸው ግን ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። በ1፡100 ስኬል ከ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ (በሁለት ወረቀት መሃል ፎም ያለው ሰሌዳ) ቤት ስሠራ በፕላኑ ልክ የቆረጥኩት ጣሪያ ሁሌ ያጥረኛል። ለምን?

መልስ፦ ጣሪያው አይደለም ያጠረው፤ ቤቱ ነው የረዘመው። 10 ሜትሩን ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው የጎን ግድግዳዎቹን ጫፍና ጫፉ ላይ ከለጠፉ፣ የሁለቱ ውፍረት ተደምሮ 11 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በእውነተኛው ልክ ሙሉ 1 ሜትር ተረፈ ማለት ነው። ወይ ረጅሙን 9 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡት፣ ወይ 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይጠቀሙና 9.6 ይቁረጡት። እኛ ካርቶኑን እንመርጣለን፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ጋር ልክ ነው፤ ፎም ቦርዱ ግን ግማሽ ሜትር ግድግዳ ይሆንብዎታል። እሱን ለመሬቱ ያስቀምጡት፦ በ1፡200 የ1 ሜትር ኮንቱር (የመሬቱ ከፍታ እርከን) 5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን አንድ ንጣፍ አንድ ኮንቱር ነው። ሲቆርጡ አዲስ ምላጭ ያስገቡ፤ የብረት ማስመሪያ ይዘው ሦስት ጊዜ ቀለል አድርገው ይመላለሱበት። በአንዴ ከተጫኑት ፎሙ ይቦጨቃል። ስፕሬይ ቀለም ፎሙን ያቀልጠዋል። ነጭ ኮላ በስሱ ይበቃል፤ ሲበዛ ካርቶኑ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር የሠራሁትን ሕንፃ በ1፡200 በስሪዲ ፕሪንተር አሳተምኩ። የመስኮት ፍሬሞቹና የበረንዳው ብረት ጠፍተው መጡ።

መልስ፦ የተለመደው የፕሪንተር ኖዝል፣ ማለትም ፕላስቲኩ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ፍሬም በ1፡200 0.25 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ሶፍትዌሩ ዘሎት ያልፋል። ለኅትመት ሌላ ቅጂ ያውጡና ቀጫጭኑን ሁሉ ቢያንስ 0.8 ያድርሱት። የበር እጀታውንና የውስጥ ዕቃውን ያጥፉ። ለኅትመት የሚላከው የኤስቲኤል (STL) ፋይል የመለኪያ አሃድ አይዝም፤ በኢንች ተሠርቶ በሚሊ ሜትር ከተከፈተ 25.4 ጊዜ አንሶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የሥጋ ቤቴን የሁለት ዓመት ወርኃዊ ሽያጭ ኤክሴል ላይ አስገብቼ ስድስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል (ነጥቦቹን ተከትሎ የሚታጠፍ) መስመር አወጣሁ። ያለፈውን ልክ ይከተላል፤ ለሚቀጥሉት ወራት ግን ከዜሮ በታች ይሰጠኛል።

መልስ፦ ስድስት ኤክሴል የሚፈቅደው ከፍተኛው ደረጃ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ካሉት ነጥቦች እንደወጣ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይወነጨፋል። ያለፈውን ልክ መከተሉ አያታልልዎ፤ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ያስቀሩና በቀሪው ሠርተው በእነዚያ ይፈትኑት።

ከመስመሩ ይልቅ ግን የቸገረው ጾሙ ይመስለናል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ዋለ። ስለዚህ ሚያዝያ 2016 ላይ የዓቢይ ጾም 26 ቀን ወስዷል፣ በ2017 ግን 11 ብቻ። የወሩ ስም አንድ ነው፣ ገበያው ሌላ። በየወሩ ከመቶ ስንቱ ቀን ጾም እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ ይጨምሩ። ረቡዕና ዓርብም ይቆጠራሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ግን አይጾሙም። ከዚያ ሽያጩን ከጾሙ ቀን ድርሻ ጋር የሚያያይዝ ቀላል ሪግሬሽን (ቀጥ ያለ መስመር) ይበቃዎታል። ሽያጩንም በወር ድምር ሳይሆን በቀን አማካይ ያስገቡት፤ አለዚያ ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ከተቆጠረች በአምስት ቀን ሽያጯ መስመሩን ቁልቁል ትጎትተዋለች።